የአንድ ማንኪያ ስኳር ሒሳብ፦ ስኳር ያለበት ሰው ምን ይብላ? እንዴትስ ይንቀሳቀስ?

የሻይ ማንኪያ አንሱና ስኳር ሙሉበት። ትንሽ ከፍ ብሎ የተሞላ እንደሆነ ወደ 5 ግራም ይመዝናል። አሁን ደግሞ በጠዋት ተነሥቶ ቁርስ ያልቀመሰ አንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው አስቡ። ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በደሙ ውስጥ የሚዞረው ስኳር ሁሉ ቢሰበሰብ ስንት የሚሆን ይመስላችኋል? ያቺው አንድ ማንኪያ ናት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አዋቂ ሰው ወደ 5 ሊትር ደም አለው፤ ይህ 50 ዴሲሊትር ማለት ነው። ምግብ ሳይበላ በጠዋት የሚለካ ጤናማ የደም ስኳር ከ100 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ነው። 50ን በ100 ስታባዙ 5,000 ሚሊግራም ታገኛላችሁ፤ 5 ግራም።

አሁን ወደ መሶቡ እንምጣ። 300 ግራም የምትመዝን የጤፍ እንጀራ ውስጥ ወደ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት አለ፤ አብዛኛው ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ግሉኮስ ወደሚባለው ስኳር ይለወጣል። ደም ውስጥ ከነበረው 18 እጥፍ መሆኑ ነው! ሰውነታችን ይህን ሁሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተቀብሎ ወደየቦታው ያደርሳል፤ ደሙን ግን እዚያችው አንድ ማንኪያ አካባቢ ያቆየዋል። ይህ ሥራ ሲስተጓጎል ነው «ስኳር ያዘው» የምንለው። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ወደ 1.9 ሚሊዮን አዋቂዎች ስኳር አለባቸው። ስለዚህ ከቤታችሁ ባይሆን ከጎረቤት አንድ ሰው መኖሩ አይቀርም።

ሁለት ሰው፣ አንድ ምክር

ሁለት ሰዎችን በሐሳባችን እንፍጠር። ስም የላቸውም፤ ግን እነሱን የመሰለ ሰው ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

አንደኛዋ ደብረ ማርቆስ ከተማ የሚኖሩ የ48 ዓመት መምህርት ናቸው። ትምህርት ቤት በባጃጅ ሄደው በባጃጅ ይመለሳሉ፤ ማታ ቁጭ ብለው ፈተና ያርማሉ። ባለፉት ዓመታት ኪሎ ጨምረዋል። ሜትፎርሚን የሚባለውን ክኒን ይወስዳሉ።

ሁለተኛው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጎዛምን ወረዳ ውስጥ የሚያርስ የ26 ዓመት ወጣት ነው። ቀጭን ነው፤ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ነው የሚውል። በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋል።

ሁለቱም የሚበሉት እንጀራ አንድ ነው። ሁለቱም «ምግብ አስተካክሉ፣ ስፖርት ሥሩ» ተብለዋል። ለመምህርቷ ምክሩ ልክ ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። ለወጣቱ ገበሬ ደግሞ እንዳለ ከተወሰደ እርሻው ላይ ሊጥለው ይችላል። ለምን? መልሱ ያለው ጡንቻችን ውስጥ ነው።

የፊት በርና የጓሮ በር

ስኳር ደም ውስጥ ስለዞረ ብቻ አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ሕዋሳት ውስጥ ሲገባ ነው። ከምግብ በኋላ ብዙውን ስኳር ተቀባዩ ጡንቻ ነው። የጡንቻ ሕዋስ ግን በሩን ቆልፎ ነው የሚቀመጠው። ስንበላ ከጨጓራ ጀርባ ያለው ቆሽት ኢንሱሊን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ኢንሱሊን ቁልፍ ነው። ቁልፉ ሲገባ፣ ግሉት-4 የሚባሉ ስኳር አስገቢ ፕሮቲኖች ከሕዋሱ ውስጥ ወደ ግድግዳው ይወጡና ስኳሩን እየተቀበሉ ያስገባሉ። ይህ የፊት በር ነው።

በመምህርቷ ሰውነት ውስጥ ቁልፉ አለ፤ ጓጉንቸሩ ግን ዝጓል፣ እንደ ድሮው ቶሎ አይከፈትም። ቆሽትም ተጨማሪ ቁልፍ ሲያመርት ኖሮ በመጨረሻ ይደክማል። ይህ ዓይነት 2 የሚባለው ነው፤ በዓለም ላይ ስኳር ካለባቸው ሰዎች ከ10 ዘጠኙ ያለባቸው ይኸው ነው። ዓይነት 1 በሚባለው ደግሞ የሰውነት መከላከያ ኃይል ራሱ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት ስለሚያጠፋቸው ቁልፉ ጭራሽ የለም።

የወጣቱ ገበሬ ነገር ግን ሦስተኛ መልክም ሊኖረው ይችላል። ከጣና ሐይቅ ማዶ ጎንደር ውስጥ የሚሠሩ ሐኪሞች ለዓመታት አንድ ነገር ያስተውሉ ነበር። ከገጠር የሚመጡት ብዙዎቹ ኢንሱሊን የሚፈልጉ ሕሙማን ወጣት፣ ቀጫጭንና በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2009 «ዲያቤቶሎጂያ» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ጥያቄውን በግልጽ አነሡት፦ ይህ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ዓይነት ይሆን? ጉዳዩ ሲያከራክር ቆይቶ፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር ለተያያዘው ስኳር «ዓይነት 5» የሚል እውቅና ሰጠው።

ይህ የሊቃውንት ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለመምህርቷ ክብደት መቀነስ መድኃኒት ነው፤ ለቀጭኑ ወጣት ግን ጉዳት ነው፣ እሱ የሚያስፈልገው በቂና የተመጣጠነ ምግብ ነው። ደግሞም ዓይነት 1 ያለበት ሰው «በምግብና በስፖርት እቆጣጠረዋለሁ» ብሎ መርፌውን ቢተው፣ ደሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ አሲድ እየበዛበት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ልብላ?» ሳይሆን «የኔ ስኳር የትኛው ነው?» ነው።

አሁን ደስ የሚለው ነገር፦ ጡንቻ የጓሮ በርም አለው። ስንራመድ፣ ስንቆፍር፣ ዕቃ ስናነሣ ጡንቻ ሲኮማተር፣ እነዚያ ግሉት-4 የተባሉት ስኳር አስገቢዎች ኢንሱሊን ሳይጠሩ በራሳቸው ወደ ግድግዳው ይወጣሉ። ቁልፉ ቢዝግም በጓሮ በር ስኳር ይገባል። በዚያ ላይ እንቅስቃሴው ካበቃ በኋላ የፊት በሩ ራሱ ለአንድ ቀን፣ አንዳንዴም እስከ 48 ሰዓት ለኢንሱሊን ለስለስ ይላል። ሐኪሞች «ከሁለት ቀን በላይ ያለ እንቅስቃሴ አትቆዩ» የሚሉት ለዚህ ነው።

እንጀራውስ?

«ጤፍ ስኳር አያመጣም» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ግማሹ እውነት ነው። የጤፍ ፍሬ ከማነሷ የተነሣ ገለፈቷን ገፎ መፍጨት ስለማይቻል እንዳለች ነው የምትበላው፤ ስለዚህ አሰሯ አብሯት ይመጣል። ሊጡ ሲቦካ የሚፈጠረው አሲድም ምግቡ ከጨጓራ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ያግዛል። ሌላው ግማሽ ግን ተረስቷል፦ እንጀራ በብዛቱ ስታርች ነው። ስኳርን ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርግ የለኩ ጥናቶችም የተለያየ ውጤት ነው ያገኙት። የጤፉ ዝርያ፣ የአቦካኩ ሁኔታ፣ የዱቄቱ ልመትና ሩዝ ወይም በቆሎ መቀላቀሉ ሁሉ ለውጥ ያመጣል። ስለዚህ «ቀይ ጤፍ ይሁን ነጭ?» ከሚለው ይልቅ «ስንት እንጀራ?» የሚለው ጥያቄ ይበልጣል።

ችግሩ የእኛ ገበታ ለመቁጠር አይመችም። አራት ሰው አንድ ትሪ ከቦ ሲበላ ማን ስንት እንደበላ ማን ያውቃል? ወጡ ሲያልቅ ይጨመራል፤ እንጀራው ሲያልቅ ይደገማል። «በቃኝ» ስትሉ ደግሞ «በሞቴ!» አለ። ከጉርሻ ማን ያመልጣል?

መፍትሔው ገበታውን መለየት አይደለም። መምህርቷ ከመቅረባቸው በፊት የድርሻቸውን እንጀራ፣ ለምሳሌ ግማሽ፣ ቆርጠው ፊታቸው ያስቀምጡ፤ ሲያልቅ አለቀ ነው። የቀረውን ሆድ ወጡ ይሙላው። ገበታውን በዓይናችሁ ለአራት ክፈሉት፦ ሁለቱ እጅ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ፎሶሊያና ሌላ አትክልት፤ አንዱ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ፤ አራተኛው ብቻ እንጀራ። ጥራጥሬ ላይ ምሥራቅ ጎጃም የታደለ አገር ነው፤ ባቄላውና ሽምብራው አሰርም ፕሮቲንም ስላላቸው ስኳራቸው ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው። አትክልቱንና ጥራጥሬውን አስቀድሞ፣ እንጀራውን አስከትሎ መብላት ከምግብ በኋላ ያለውን የስኳር ከፍታ እንደሚቀንስም ትንንሽ ጥናቶች አሳይተዋል።

ሌሎች ጥቂት የአካባቢያችን ነገሮች፦

ድንች። በጮቄ ተራራ ተዳፋት ድንች የዕለት ምግብ ነው። ጥሩ ምግብ ነው፤ ግን ድንች ወጥ በእንጀራ ማለት ስታርች በስታርች መብላት ነው። ድንች በበላችሁ ቀን እንጀራው ይቀነስ።

ማር። የጎጃም ማር ስሙ የታወቀ ነው፤ «ማር እኮ መድኃኒት ነው» እየተባለ ስኳር ላለበት ሰው ሲሰጥም ይታያል። ማር በአብዛኛው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ነው፤ ደም ውስጥ ሲገባ ስኳር ነው።

ቡና። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያላችሁ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ብትጨምሩ ስድስት ማንኪያ ሆነ። በጤና አዳም ብቻ መጠጣትን መልመድ ይቻላል። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ ደግሞ ብቻውን ወደ 30 ግራም ስኳር ይይዛል፤ ስድስት ማንኪያ ያህል ማለት ነው።

አረቄ። ጉበታችን ስንራብ ስኳር ወደ ደም እየለቀቀ ያቆየናል። አልኮል ሲገባ ግን ጉበት እሱን ለማስወገድ ስለሚጠመድ ይህን ሥራ ያቋርጣል። ኢንሱሊን የተወጋ ሰው በባዶ ሆዱ አረቄ ቢጠጣ ስኳሩ በጣም ሊወርድበት ይችላል። የባሰው ደግሞ ሰው «ሰክሮ ነው» ብሎ ጥሎት መሄዱ ነው።

መራራ ነገር። «መራራ ስኳርን ይገድላል» የሚለው እምነት ሰፊ ነው። የሚጣፍጠው ምላስ ላይ ነው፤ ደም ውስጥ መራራና ጣፋጭ አይጣሉም። እንደ አብሽ ያሉ አንዳንድ ዕፅዋት ስኳርን በጥቂቱ እንደሚቀንሱ ጥናቶች ቢያሳዩም መድኃኒትን አይተኩም።

የመምህርቷ ስፖርት

«ስፖርት» ሲባል ብዙዎች ጂም ወይም ሩጫ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ሳይጀምሩት ይተዉታል። የተለመደው ምክር በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ነው። ፍጥነቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፦ እየተራመዱ መነጋገር ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃታቸው ልክ ነው።

ሰዓቱስ? በኒውዚላንድ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዓይነት 2 ስኳር ባለባቸው 41 ሰዎች ላይ ሁለት ምክሮችን አወዳደሩ። አንዱ «በቀን 30 ደቂቃ፣ በተመቻችሁ ሰዓት ተራመዱ»፤ ሌላው «ከየምግቡ በኋላ 10 ደቂቃ ተራመዱ»። የደቂቃው ድምር አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ውጤት ግን ከምግብ በኋላ የተራመዱት የስኳር ከፍታ በአማካይ 12 በመቶ፣ ከእራት በኋላ ደግሞ 22 በመቶ ዝቅ እንዳለ አሳየ። የጓሮ በሩን አስታወሳችሁ? ስኳሩ ወደ ደም በሚጎርፍበት ሰዓት ነው የተከፈተው።

ለመምህርቷ ይህ ማለት ከምሳ በኋላ የትምህርት ቤቱን ግቢ አንድ ሁለቴ መዞር፣ ማታ እርማቱን ከመጀመራቸው በፊት ደጅ ወይም ግቢ ውስጥ 10 ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ከበርጩማ ላይ እጅ ሳይደግፉ አሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ ቢጨምሩ የጭን ጡንቻ ይዳብራል፤ ጡንቻ በዳበረ ቁጥር የስኳሩ ጎተራ ይሰፋል።

ገና ስኳር ያልያዛቸው፣ ግን ጠርዙ ላይ ያሉ ዘመዶች ካሏችሁ ይህንንም ንገሯቸው። በአሜሪካ ከ3,200 በላይ እንዲህ ያሉ ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ ምግብና እንቅስቃሴ ማስተካከል በስኳር የመያዝ ዕድልን በ58 በመቶ ሲቀንስ ሜትፎርሚን የቀነሰው በ31 በመቶ መሆኑን አሳይቷል።

የገበሬው ስፖርት

ወጣቱ ገበሬ ስፖርት አልጎደለውም። የጤፍ ማሳ ከመዘራቱ በፊት ደጋግሞ ይታረሳል፤ በግንቦትና በሰኔ ከንጋት ጀምሮ ሞፈር ጨብጦ በሬ ተከትሎ የሚውል ሰው የጓሮ በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ጠዋት ኢንሱሊን ሲወጋ የፊት በሩንም ከፈተ። በሁለቱም በር ስኳር ሲወጣ ያቺ አንድ ማንኪያ ወደ ግማሽ ትወርዳለች። መጀመሪያ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ረሃብና የልብ መምታት ይመጣል፤ ቀጥሎ ግራ መጋባት፣ ያልተለመደ ንዴት፣ ከዚያም ራስን መሳት። የማያውቅ ሰው «ልክፍት ነው» ብሎ ወደ ሌላ ነገር ይሮጣል፤ ያ የባከነ ሰዓት ነፍስ ሊያስከፍል ይችላል።

ይህን ክፍል በደንብ ያዙት፤ አንድ ቀን የምታድኑት ሰው ይኖራልና። የደም ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ፣ መለኪያ ከሌለም ምልክቱ ሲታይ፣ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት። 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ካልተሻለው ድገሙ። ሲነቃ በሶ፣ ዳቦ ወይም እንጀራ ይብላ። በሶ ብቻውን ለመጀመሪያው ደቂቃ አይደርስም፤ ፈጣኑ ስኳር ነው። ራሱን የሳተ ሰው ግን አፉ ውስጥ ምንም አታፍሱበት፤ ሊያንቀው ይችላል። ወደ ጎን አስተኝታችሁ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ስለዚህ ለወጣቱ «ለክቶ የተሰፋለት» ስፖርት የእርሻውን ወራት የተከተለ ዕቅድ ነው። የእርሻና የአጨዳ ወራት ከመግባቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ መጠኑ ይስተካከል፤ ሥራው ሲቀል ደግሞ ተመልሶ ይታይ። በራሱ ግምት ግን መጠኑን አይቀያይር። ለማረስ በሚወጣበት ቀን ጭኑ ላይ ከሚወጋ ሆዱ ላይ ቢወጋ ይሻላል፤ የሚሠራ ጡንቻ አጠገብ ያለ ኢንሱሊን ቶሎ ይሰራጫልና። ቁርሱን ሳይበላ አይውጣ፤ ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ወይም የተቋጠረ ስኳር አይታጣ፤ አብሮት የሚውል ሰው ምልክቱን ይወቅ። ከባድ ሥራ በዋለበት ቀን ስኳሩ ሌሊት ተኝቶ ሳለም ሊወርድ ስለሚችል እራቱን አይዝለል። ማቀዝቀዣ የሌለበት ቤት የሚጠቀምበትን ኢንሱሊን በደንብ ጠቅልሎ፣ ላዩ በሚረጥብ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ጥላ ላይ ማስቀመጥ ይረዳል፤ የሚተነው ውኃ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል።

ጾም፣ እግርና ብርድ

በጎጃም ስለ ምግብ ተነጋግሮ ጾምን መዝለል አይቻልም። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። የጾም ምግብ በጥራጥሬና በጎመን የተሞላ ስለሆነ ለስኳር ጥሩ ጎን አለው። አደጋው ሰዓቱ ላይ ነው፦ ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የሚባለውን ክኒን የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ቢቆይ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ጾሙ ሳይገባ ከሐኪም ጋርም፣ ከንስሐ አባት ጋርም መነጋገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው መንገድ አላት። ደብቆ መጾም ግን ከሁለቱም መራቅ ነው።

ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግር ነርቭ ይደነዝዛል። ያኔ እሾህ ቢወጋም፣ ጫማ ቢልጥም አይሰማም። ስለዚህ እርምጃ የሚጀምር ሰው ከጫማ ይጀምር፦ ያልጠበበ፣ ካልሲ ያለው። ማታ እግሩን በውስጥም በጣቶቹ መሐልም ይይ። ዓይኑ የደከመ አያት ካላችሁ ይህ የእናንተ ሥራ ነው። እግርን ምድጃ ላይ ማሞቅም ይቅር፤ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይናገርም።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ወደ ጮቄ በወጣችሁ ቁጥር ብርዱ ይጠነክራል። ብዙ የስኳር መለኪያዎች ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በትክክል አይሠሩም። በብርድ ጠዋት መለኪያውን ብብት ውስጥ አሙቆ መለካት ነው።

ደብተርና ሁለት ስትሪፕ

እንግዲህ የሁሉም ማሰሪያ አንድ ነው፦ ምክር ከሌላ ሰው ይመጣል፤ ልኩ ግን የሚገኘው በራስ ሰውነት ላይ ነው። የመለኪያ ስትሪፕ ውድ ነው፤ በየሰዓቱ መለካት አይቻልም። በሳምንት ሁለት ስትሪፕ ግን በብልሃት ከተጠቀሙባቸው ብዙ ያስተምራሉ። አንዱን ከእራት በፊት፣ ሌላውን እራት ከተጀመረ ከሁለት ሰዓት በኋላ። በደብተር ጻፉት፦ ስንት እንጀራ፣ ምን ወጥ፣ እርምጃ ነበረ ወይስ አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ እንጀራውን ግማሽ አድርጉ፣ ወይም 10 ደቂቃ እርምጃ ጨምሩ። እንደገና ለኩ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ሳይንቲስትም የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ለብዙ አዋቂዎች የሚፈለገው ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ነው። ለነፍሰ ጡርና ለአረጋውያን ልኩ ስለሚለይ የራሳቸውን ከሐኪም ይጠይቁ። ለክትትል ቀን ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ያንን ደብተር ይዘው ይሂዱ። «እንዴት ነህ?» «ደህና ነኝ» ከሚለው ንግግር ይልቅ ሐኪሙ ከደብተሩ ብዙ ያነባል።

ይህን ደብተር ማን ይያዝ? መጻፍና ማባዛት የምትችሉ፣ ስልክ ላይ ሰዓት መሙላት የማይከብዳችሁ እናንተ ናችሁ። ዛሬ ማታ ገበታ ሲቀርብ ለእማማ ወይም ለአባባ ጉርሻ ስታነሡ ከጎመኑ ይሁን። በልተው ሲያበቁ ደግሞ «ተነሡ፣ ትንሽ እንራመድ» በሏቸው። በሞቴ ማለት የሚያምረው እዚህ ላይ ነው።